ኩሽኔታውን ከማስፈታትህ በፊት

ለውድ ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን ይቅር በለኝ። ደብዳቤህን ሳነብ ግን ነገ ዛሬ ማለት አልሆነልኝም። የገዛኸው የጭነት መኪና ከፊት ያጉረመርማል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ሁለቱንም የፊት ኩሽኔታ፣ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ባለ ሮለር ቀለበት፣ ላስቀይር ነው ብለሃል። እባክህ ትንሽ ቆይ። ጩኸቱና ንቅጥቃጡ አንድ በሽታ ናቸው ብሎ መነሳት ነው ሰውን ያላግባብ ዕቃ የሚያስቀይረው። ኩሽኔታ ሲበላ በአብዛኛው ይጮኻል እንጂ መሪ አያንቀጠቅጥም፤ እዚያ ከደረሰም ልቅነቱ ጎማውን በእጅ ስትነቀንቅ ይታወቃል። ንቅጥቃጥ ብዙውን ጊዜ የጎማና የቸርኬ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ፈልጋቸው።

መንገድ ከመውጣትህ በፊት የፊት ጎማዎቹን ዞረህ እይ። ከዳዶዎቹ ሥር የዝገት ዱቄት እንደ ጨረር ተዘርግቶ ከታየህ፣ የቸርኬው ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ወይም በቀዳዳዎቹ መካከል ስንጥቅ ካለ መኪናው አይነዳም። ዳዶው ላልቶ ቸርኬው ሲጫወት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አጥብቆ መሄድም አይበቃም፤ ቡሎኑ ተስቦ ሊሆን ስለሚችል ይፈታና ይታይ።

ከዚያ ጭር ያለና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግ። የኩሽኔታ ጩኸት ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ የማይቆራረጥ ጉርምርምታ ነው፤ አስፋልቱ ለሰለሰም ሻከረም ብዙ አይለወጥም። የጎማ ጩኸት ግን መንገዱ ሲለወጥ ቃናውን ይለውጣል። በመካከለኛ ፍጥነት መሪውን ቀስ አድርገህ ወደ ግራ ሳብ ስታደርግ ክብደቱ ወደ ቀኙ ጎማ ይጫናል፤ ያኔ ጩኸቱ ከበረታ ቀኙን ጠርጥር፣ ወደ ቀኝ ስትስብ ከበረታ ግራውን። ጆሮህን ብቻ አትመን፤ ድምፅ በሻንሲው ስለሚጓዝ የግራው ከቀኝ የመጣ ሊመስል ይችላል።

ድምፁ ቋ፣ ቋ የሚል ከሆነ ቁጠረው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 3 ሜትር ከ14 ይጓዛል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሴኮንድ 10 ሜትር ትሄዳለህና ጎማው በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል ይዞራል። ምቱም 3 ከሆነ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ ጎማው ውስጥ የተሰነቀረ ድንጋይ፣ ያበጠ ጎማ፣ የላላ ዳዶ። ምቱ ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን የባሌስትራ ቡሽ፣ አሞርዛተር ወይም የመሪ ዕቃ ነው።

ንቅጥቃጡን በፍጥነቱ ለየው። ከ70 እስከ 100 ባለው ፍጥነት መጥቶ ከዚያ በላይ ወይም በታች የሚጠፋ ከሆነ ባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ፣ መጀመሪያ ይጠረጠራል። በ30 እና በ40 ላይ ገና መሪው የሚወዛወዝ ከሆነ ባላንስ አያድነውም፤ ጎማው ውስጡ ተለያይቷል፣ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው ቸርኬው ላይ ተጣሞ ተቀምጧል። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከመጣ የፍሬኑ ታምቡር ክብነቱን አጥቷል። ንቅጥቃጡ ባለበት ፍጥነት ፍሪሲዮን ረገጥ አድርገህ ሞተሩን ለይ፤ ንቅጥቃጡ ካልተለወጠ ሞተሩን ከተጠርጣሪዎች አውጣው።

ጎማው ላይ አትቸኩል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው አንዳንዴ ያገኘውን ጎማ ፊት ሊያስር ይችላል። የሁለቱን መጠን፣ ዓይነትና ንፋስ አስተያይ። መዳፍህን በጥርሱ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳብ፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ (አላይመንት) ተበላሽቷል። እየጎደጎደ በየቦታው ከተበላ አሞርዛተሩ ደክሟል፣ ባላንሱ ጠፍቷል ወይም ኩሽኔታው ልቅ ነው። እንዲህ የተበላ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉረመርማል፤ ደኅና ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በእሱ ጥፋት ነው።

ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ጎማው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ከመስመሩ እስከ ቸርኬው ያለውን ርቀት አራት ቦታ ለካ። ልዩነቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጎማው በትክክል አልተቀመጠም፤ ንፋሱ ወጥቶ፣ ጠርዙ በጎማ መግጠሚያ ቅባት ረጥቦ እንደገና ይነፋ። ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚድን ንቅጥቃጥ ይህ ነው።

አሁን ክሪኩን አውጣ። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ አክሱሉን አንሥተህ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፈው። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅህን አታስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን ይርገጥልህና ደግመህ ነቅንቅ። ሲረገጥ ከጠፋ ልቅነቱ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው ለመሪ የሚዞርበት ፔርኖ ተበልቷል። በግራና በቀኝ ጎን ይዘህ ስትነቀንቅ ደግሞ ቴስቲኒዎቹን፣ የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገጣጠሚያዎች፣ ትመረምራለህ። ቀጥሎ ጎማውን አሽከርክርና ሌላውን እጅህን ባሌስትራው ላይ አሳርፍ፤ የተጎዳ ኩሽኔታ ሻካራነቱ በብረቱ በኩል እጅህ ይደርሳል። እየተሽከረከረ ሳለም ሽቦ ወይም ጠመኔ አስጠግተህ ያዝ፤ ጎማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ገባ ካለ ባላንስ ከማሠራትህ በፊት እሱ ይስተካከል።

ሙቀቱንም አትርሳ። ፍሬን ሳታበዛ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ነድተህ የእጅህን ጀርባ ወደ ሁለቱም ሞዞዎች፣ ኩሽኔታው ወደሚቀመጥበት የጎማ መሐል፣ አስጠጋ። አንደኛው ከሌላው በግልጽ ከጋለ የቱ ክፍሉ እንደሆነ ለይ፤ ታምቡሩ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል፤ መሐሉ ከጋለ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ግሪስ የለውም።

ኩሽኔታ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ይፈታ። ሮለሮቹና ቀለበቱ ላይ መላጥ፣ ጉድጓድ ወይም ከግለት የመጣ ሰማያዊነት ካየህ አይመለስም። የውስጡንና የውጪውን ቀለበት በአንድነት ቀይር፤ አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ሮለር ማስገባት አዲሱን መግደል ነው። ግሪሱ እንዳይወጣ የሚዘጋው ፓራኦሊዮም አዲስ ይሁን። ያጠቡትን ኩሽኔታ በኮምፕረሰር ንፋስ እንዳያሽከረክሩት፤ ሊበታተንና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል ይግባ እንጂ ሞዞው ጢም ብሎ አይሞላ፤ ከበዛ ይግላል። ሁለት ዓይነት ግሪስም አይቀላቀል።

አስተሳሰሩ ላይ ቁም ብለህ እይ። ኩሽኔታውን የሚይዘው የመሐል ዳዶ ጎማው እየዞረ ይጠበቃል፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ፤ ከዚያ ይላላል፣ በቀላሉ ይጠበቃል፣ በመጨረሻም የመኪናው መመሪያ በሚለው መጠን ይመለሳል። የሚቀረው ልቅነት በመለኪያ ሲታይ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት እንዳለው አስብ። «ጥብቅ ይሁንልኝ» ብሎ መቆለፍ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል። ፋብሪካ አስተካክሎ የዘጋው ዓይነት ሞዞ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይነካም።

ጎማው ሲመለስ ቸርኬውና ሞዞው የሚገናኙበት ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ዝገትና የቀለም ንብርብር ራሳቸው ንቅጥቃጥ ያመጣሉ። የጎማው ዳዶዎች ተሻግረው ፊት ለፊት በየተራ ይጠበቁ። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ ድገማቸው።

አሁን አንተ ጻፍልኝ። ጩኸቱ ወደየት ስትዞር እንደሚበረታ፣ ፍሬን ተረግጦ ሲነቀነቅ ልቅነቱ ይጥፋ አይጥፋ፣ ጎማው ሲዳሰስ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ። ቤተሰቡንም ሰላም በልልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ