አቤልን አናግርልኝ

ዮኒዬ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰቡስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ያልኩት ረስቼህ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ የሰው አገር ኑሮ ነው፣ ይቅር በለኝ። አንተም ብትሆን ስልክ ማንሳት ከተውክ ቆይተሃልና ብዙ አትቆጣኝ።

የጻፍኩልህ በወንድሜ በአቤል ምክንያት ነው። መስከረም 2018 ሞስኮ ላይ አገራችን ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ ስምምነት ከተፈራረመች ወዲህ፣ ሩሲያ ሄጄ ኑክሌር ካልተማርኩ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እኔ ደግሞ ሶላር ይማር ባይ ነኝ። እማዬ የቼርኖቤልን የኑክሌር አደጋ ወሬ ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጊዜው ነው። እዚህ አቡ ዳቢ ያለው የባራካ ኑክሌር ማመንጫ ግንባታው በ2012 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ሪአክተር (የኑክሌሩ ምድጃ) መብራት የሰጠው በ2020፣ አራተኛው ሥራ የጀመረው በ2024 ነው። ያውም ገንዘብ በማይቸግረው አገር!

አቤል ግን የዋዛ ተከራካሪ አይደለም። «ማታስ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ የምሠራበት የፀሐይ ማመንጫ በነሐሴ ብትመጣ፣ አቧራው ፓኔሉ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ታየዋለህ። ብሩሽ ያለው ሮቦት በየረድፉ እየሄደ ያለ ውኃ ይጠርገዋል። ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው፤ ፓኔሉ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ይገባል፣ የከተማው ኤሲ ግን አይጠፋም። ያኔ ሸክሙ የጋዝ ማመንጫዎቹና የባራካ ነው። አራቱ ሪአክተሮች 5,600 ሜጋ ዋት ይዘው የአገሪቱን መብራት ሩብ ያህል ይሰጣሉ፣ ሌት ተቀን።

እነሱ ግን ወንዝ የላቸውም፣ እኛ አለን! ቀን ፀሐይዋ ስትሠራ የህዳሴን ውኃ ብንቆጥብ፣ ማታ ተርባይኑን ያዞርልናል። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ግድብ ከየትኛው ባትሪ ያንሳል? ደግሞ የአያቴን አገር ታውቀዋለህ፣ ምሰሶ እስኪደርሰው ስንት ክረምት ያልፋል? ፓኔል ግን ጠዋት ጣሪያ ላይ ከወጣ ማታ ልጆቹ ያጠኑበታል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ክረምቱ ሲከዳስ? ፋብሪካው ሲበዛስ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ሌሊት ሌላ ሐሳብም ይመጣብኛል። ሪአክተሩ የማይቀር ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የእኛ ልጅ አይቀመጥ ልበል? ወይስ የምፈራው ወንድሜ እንዳይርቀኝ ነው? እንጃ፣ ዮኒ።

ፊዚክስን ያስወደድከው አንተ ነህ፣ ጣጣውም የአንተ ነው! ማመልከቻውን ሳያስገባ ደውልለት። የኔን ወገን ያዝልኝ አልልህም። ተምሮ ሲመለስ ማመንጫው ገና ካልተሠራ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ብቻ ጠይቀው፤ እኔ ስጠይቀው ይቆጣል። የሚልህን ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ ግርማ