ከታመምኩበት ጊዜ ጀምሮ አብራችሁኝ ለቆማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በመንዝና በሰላ ድንጋይ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ለምትገኙ ቤተ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ዕድርተኞቻችን፣ የጽዋ ማኅበራችን እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼና የተማሪዎቼ ወላጆች በሙሉ፤ በእግዚአብሔር ስም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአከርካሪ አጥንት ቲቢ ታምሜ ለረጅም ጊዜ የአልጋ ቁራኛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በሐኪሞች ጥረትና በእናንተ ድካም ሕክምናዬን ፈጽሜ፣ በእግሬ ቆሜ ወደ ማስተማር ሥራዬ ተመልሻለሁ። በየቤታችሁ እየዞርኩ እጃችሁን መሳም ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ወገቤ ገና ረጅም መንገድና ዳገት ስለማይፈቅድልኝ ምስጋናዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። መጻፌ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዚያን ጊዜ ደጋግማችሁ ስትጠይቁኝ በወጉ መልስ ለመስጠት አቅም ያጣሁበትን ነገር፣ ማለትም ከዚያ ሁሉ መጨለም በኋላ ተስፋዬ ከየት እንደ ተመለሰ፣ ረጋ ብዬ እንድናገር ያስችለኛል።

ስለ ሕመሙ በአጭሩ ልናገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ በመሆኗ፣ ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ “ብርድ ነው” መባሉ የተለመደ ነው፤ ለእኔም በመጀመሪያ የተነገረኝ ይኸው ነበር። የማስታገሻ መድኃኒት እየተሰጠኝ ወራት ካለፉና እግሮቼ መዛል ከጀመሩ በኋላ አዲስ አበባ ተወስጄ በኤም አር አይ ተመረመርኩ፤ ከአጥንቱ በተወሰደው ናሙናም በሽታው ቲቢ መሆኑ ታወቀ። ብዙዎቻችን ቲቢን የምናውቀው በሳል ነው፤ ተሕዋሲው ግን በደም አማካይነት ወደ አጥንት ሄዶ አከርካሪን ሊጎዳ ይችላል፤ ያልሳለ ሰውም በዚህ መንገድ ሊታመም ይችላል። የሳንባ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ሕክምና ሲድን፣ የአከርካሪው 12 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 10 ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ መሆኑን ሳላነሣ አላልፍም፤ ባይሆን ኖሮ የመምህር ደመወዝ ከምን ያደርሰን ነበር?

ሕመሙ ከባድ ነበር፤ ይበልጥ የከበደኝ ግን ርዝመቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠያቂው ይበዛል፣ ጸሎቱም ይበረታል፤ ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ግን ታማሚ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት በራሱ ይሰለቻል። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጥኩ ሕመሙ ባለበት ሲቆይ፣ ተደግፌ ካልሆነ በቀር መቀመጥ ሲያቅተኝ፣ “አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ” የሚለው የፍቅር ቃል እንኳ ልፈጽመው የማልችለው ትእዛዝ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። ይህን የምጽፈው ያጽናናችሁኝን ለመውቀስ እንዳልሆነ ታውቁልኛላችሁ። በዚህ ሁኔታ ሳለሁ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ምክር ሳያበዙ፣ “ዳዊቱን እንደየዕለቱ ሥርዓት ድገሚ፤ ደስ ባይልሽም ድገሚ” ብለውኝ ሄዱ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እየተባለ ቅዳሜ በ150ኛው ይፈጸማል፤ እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ሰው የወደደውን መዝሙር መርጦ ሲጸልይ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ የሚያጽናናውን ነው፤ በሥርዓቱ ሲሄድ ግን ሊሰማው የማይፈልገውም በተራው ይመጣል። ለእኔ የጠቀመኝ ይህ በተራ የመጣው ነው።

ማክሰኞ 41ኛው መዝሙር ይደርሳል። “ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?” የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ቃሉ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ አለመሆኑን ግን ልብ ያልኩት በአልጋ ላይ ሆኜ ነው። በ41ኛው መዝሙር ሁለት ጊዜ፣ በ42ኛው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ዘማሪው ነፍሱን እየጠራ በእግዚአብሔር እንድትታመን ይነግራታል፤ በመካከሉም ተመልሶ ፈጣሪውን “ለምን ረሳኸኝ?” ይለዋል። እንግዲያስ ጠዋት ተጽናንቼ ማታ ብፈርስ፣ ይህ ሃይማኖቴን መጣሌ ሳይሆን ዘማሪው የሄደበትን መንገድ መሄዴ ነበር ማለት ነው። ሐሙስ ደግሞ 87ኛው መዝሙር፣ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88ኛ ተብሎ የሚቆጠረው፣ ይመጣል። ሌሎቹ የኀዘን መዝሙራት አብዛኛውን ጊዜ በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ሲጨርሱ፣ ይህኛው ወዳጅና ዘመድ ስለ መራቃቸው እየተናገረ እዚያው ጨለማው ውስጥ ያበቃል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር አላለፉትም፤ በየሳምንቱ እንዲደገም አድርገው አኖሩልን እንጂ። በልቤ የነበረውንና ለእናንተ ለመናገር ያፈርኩበትን ነገር በጸሎት መጽሐፍ ተጽፎ ሳገኘው፣ በእግዚአብሔር ፊት ሊነገር የማይችል ኀዘን እንደሌለ ተረዳሁ። ጸሎቴም ከዚያ ወዲህ የእውነት ጸሎት ሆነ፤ ያለ ይሉኝታ አለቀስኩበት፣ ቀጥሎም መለመን ቻልኩ።

በዚያው ሰሞን ከጎረቤታችን ያለ ወጣት ዲያቆን ማታ ማታ እየመጣ መጽሐፈ ነገሥትን ያነብልኝ ነበርና፣ የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ የሰማሁት ከእርሱ አንደበት ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት፣ ከረጅም ድርቅ በኋላም ዝናብ የመጣለት ነቢይ ነው። ከዚያ ሁሉ ድል በኋላ ግን የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሸ፤ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ያህል በምድረ በዳ ከሄደ በኋላ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ “ይበቃኛል” አለ፤ እንዲሞትም ለመነ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት ያደረገውን እዩልኝ። አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱ ማነስም አልወቀሰውም። እንቅልፍ ሲወስደው መልአኩን ልኮ ቀሰቀሰው፤ በራስጌውም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ተቀምጦ አገኘ። በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ቢተኛ እንኳ፣ መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ “የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ” አለው። እግዚአብሔር “በዚህ ምን ታደርጋለህ?” ብሎ የጠየቀው በልቶ፣ አርፎ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ኤልያስም ብቻዬን ቀርቻለሁ ብሎ ሲያማርር፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች በእስራኤል መኖራቸው ተነገረው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ በራስጌዬ የሚቀመጠውን ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከግድግዳችን ማዶ ያሉት እትዬ፣ መድኃኒቱ ሆዴን ሲያገላብጠውና የምግብ ሽታ ሲያስጠላኝ፣ ጠዋት ጠዋት የገብስ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ይገቡ ነበር፤ እምቢ ስላቸው አይቆጡም፣ አይለምኑኝም፤ አስቀምጠው ይሄዱና ከጥቂት ሰዓት በኋላ አሙቀው ይመለሳሉ። መልአኩ ሁለት ጊዜ መምጣቱን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። የዕድራችን ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ መኪና ከማይገባበት ከእኛ መንደር እስከ አስፋልቱ ድረስ በቃሬዛ ተሸክመውኛል። ባልደረቦቼ ክፍለ ጊዜዬን ተከፋፍለው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተምረዋል። የተማሪዎቼ እናቶችም ልብሳችንን ወንዝ ወርደው ሲያጥቡ ለባለቤቴ እንኳ አስቀድመው አላሳወቁም። እንግዲህ ብቻዬን ቀርቻለሁ ያልኩት በእነዚህ ሁሉ መካከል ተኝቼ ነው!

የንስሐ አባቴን በተለይ የማመሰግንበት ሌላ ምክንያት አለኝ። መሄድ እንደ ጀመርኩ በሰላ ድንጋይ አቅራቢያ ወደምትገኘው ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ለመጠመቅ በተነሣሁ ጊዜ፣ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ “ጠበል እየተጠመቁ ኪኒን አይዋጥም” የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። እርሳቸው ግን ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት እስኪያደርስ ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ማልቀሱን፣ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደ ጨመረለት ካስታወሱኝ በኋላ፣ ያንኑ የምሕረት ቃል ያመጣው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፌ በእባጩ ላይ እንዲደረግ ማዘዙን አሳዩኝ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑንና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ስለዚህ መድኃኒቴን ይዤ ሄድኩ፤ በሰዓቱ እየዋጥኩም ተጠመቅሁ። የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ሊላመድና በሽታው ለማዳን እጅግ አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ጉዳይ የሚያመነቱ ወገኖች ካሉ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ሳይመክሩ እንዳያቋርጡ እለምናለሁ። ጤና ባለሙያዎቹም ለጉዞው የሚበቃኝን መድኃኒት ቆጥረው ሰጥተው “ለእኛም ጸልዪልን” ብለው ሸኝተውኛል።

ስለ እናቴ ምን ብዬ ልጻፍ? በዚያ ዓመት በመንዝ በልጉ አልያዘም ነበር፤ እርሷ ግን ከቀሩት በጎቿ ሸጣ፣ ባናዋን ተከናንባ መጣችና እስክነሣ ድረስ ከአጠገቤ አልተለየችም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ ጸሎተ ነቢያትን ጮክ ብዬ እንድደግምላት ትጠይቀኝ ነበር። የዕንባቆም ጸሎት ላይ ደርሼ፣ በለስ ባታፈራ፣ እርሻም መብልን ባይሰጥ፣ “በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፥ ላሞችም በጋጡ ውስጥ ባይገኙ፥ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል” የሚለውን በአማርኛ ባነበብኩላት ጊዜ፣ ጥቂት ዝም ብላ “እኚህ ነቢይ የመንዝ ሰው ናቸው እንዴ?” አለችኝ። ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ቀጥላም “ደስ ይለኛል ማለታቸው በጎቹ አላሳዘኗቸውም ማለት አይደለም፤ ቆጥረዋቸው የለ” አለች። ብዙ ስብከት ሰምቼአለሁ፤ ይህን ክፍል ግን ከዚህ በተሻለ ያብራራልኝ የለም።

ባለቤቴ በዚህ ጽሑፍ መመስገን አይወድም፤ ፈቃዱን አከብራለሁ። በአዲስ አበባ ለሕክምና በተመላለስኩ ጊዜ ቤታችሁን የከፈታችሁልን ዘመዶቻችን፣ የመረመሩኝና የተከታተሉኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከውጭ አገር ሆናችሁ ለጉዞና ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ የላካችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በየቅዳሴው ስሜን ያስጠራችሁ፣ የማላውቃችሁ ሆናችሁ የጸለያችሁልኝም ሁሉ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። በተለይ እስላም ጎረቤቶቻችን በጾማችሁ ወራት እንኳ ለእኔ ምግብ ከማዘጋጀት አለመቦዘናችሁን ቤተሰባችን በሙሉ አይረሳውም።

በመጪው ጥር 7 ቀን፣ የቅድስት ሥላሴ ክብረ በዓል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤታችን ጠበል ጻድቅ ስለምናዘጋጅ፣ ይህ መልእክት የደረሳችሁ ሁሉ እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቃሬዛውንና የተዋስናቸውን ወንበሮች ለዕድሩ አስረክበናል፤ ዳዊቴን የተዋሰችኝ እኅት ግን እስክትጨርሰው ድረስ አትቸኩል፣ ለራሴ ሌላ አግኝቻለሁ። ከመንዝ የምትመጡ ደግሞ ማደሪያ ስላዘጋጀን በዚያው ቀን ለመመለስ እንዳትነሡ አደራ እንላለን፤ የጥር ውርጭ እንደምታውቁት ነው፣ ባናም እናቴ ለሁላችሁ የሚበቃ አስልካለች።