ሳተላይት ላይ ኮምፒውተር የሚጫነው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ህዋ ላይ ስለሚገነቡ ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም ሳተላይት ላይ ስለሚጫኑ የኮምፒውተር ማዕከሎች፣ የሚወጡ ዘገባዎችን እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ምክንያቱን ሁለት ብቻ ያደርጉታል፤ ለኤሌክትሪክ ፀሐይ፣ ኮምፒውተሮቹን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ብርድ። የፀሐዩ ልክ ነው። የብርዱ ግን ያሳስታል። እዚያ አየር ስለሌለ ሙቀት የሚወጣው በጨረር መልክ ብቻ ነው። ለዚያም ሰፋፊ ሙቀት ማስወገጃ ተሸክሞ መውጣት ግድ ነው። ጉዳዩ የመብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥታት እንዲህ ባልተጣደፉ ነበር።

ቻይናን እንይ። በግንቦት 2017 ከጎቢ በረሃ 12 ሳተላይቶችን በአንድ ሮኬት አመጠቀች። በሌዘር እየተገናኙ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ በሥልጠና የሚያስተካክላቸው የውስጥ ቁጥሮች) ያለው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴል እዚያው ያሠራሉ። ዕቅዱ 2,800 ማድረስ ነው።

ለምን? በተለመደው አሠራር ሳተላይት ያነሳውን ምስል ይዞ በምድር ጣቢያ አናት ላይ እስኪያልፍ ይጠብቃል። የሚያልፈው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጊዜ ሁሉም አይወርድም። ምዕራባውያን በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ካሉት የኖርዌይ ደሴቶች ከስቫልባርድ እስከ አንታርክቲካ ጣቢያ አላቸው። ቻይና እንዲህ አልታደለችም። በመስከረም 2013 የስዊድን መንግሥታዊ የህዋ ኩባንያ ከቻይና ጋር የነበረውን የጣቢያ ውል እንደማያድስ አስታወቀ። ምስሉ እዚያው ተተንትኖ መልሱ ብቻ ከወረደ፣ የሰው አገር ደጅ መጥናት ቀረ ማለት ነው። በባህር ላይ የጦር መርከብ ለሚፈልግ ደግሞ የደቂቃዎች ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

እኛንም ይነካናል። በሐምሌ 2012 የህዳሴ ግድብ ውሃ መያዙን ዓለም የሰማው ከመንግሥት መግለጫ በፊት ነው። ምስሉን ያነሳው የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲነል 1 የሚያየው ደመና በሚያልፍ ራዳር ስለሆነ የክረምቱ ደመና አላገደውም። ያኔ ግን ምስሉ መሬት ወርዶ፣ ባለሙያ አይቶት ነው ዜና የሆነው። ሌላውም ሰው ያንኑ ምስል አውርዶ ማመሳከር ይችል ነበር። ትንተናው እዚያው ህዋ ላይ ካለቀ ግን እጃችን የሚገባው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ "ውሃው በዚህን ያህል ጨምሯል" የሚል አንድ መስመር። ማሽኑ ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ በምን እናጣራለን? በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን በታኅሣሥ 2012 ያመጠቅነው ከቻይና፣ አብዛኛውም ወጪ በቻይና ተሸፍኖ ነው። መረጃዋን የምንቀበለው ግን እንጦጦ ላይ፣ በራሳችን ጣቢያ ነበር። ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ይህን ይጠይቁልን፦ ወደፊት ከውጭ በሚገዛ የሳተላይት አገልግሎት ውል ውስጥ ጥሬ ምስሉን የማግኘት መብታችን ይጻፋል ወይስ አይጻፍም?

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ