የመድኃኒት ሕግና ሥነ ምግባር ደንበኛ ፊት ይፈተን

ክቡር አዘጋጅ፣

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሰጠው የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ብዙ ይወራል። ወሬው ግን ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ ከሚለው አይዘልም። ምን እንደሚጠየቅ የሚያነሳ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፋርማሲ እሠራለሁ፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እይዛለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሞርፊንና ፔቲዲን የተባሉት ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች ናርኮቲክ በሚባለው ልዩ ማዘዣ፣ የጭንቀት መድኃኒቱ ዳያዜፓም ደግሞ ሳይኮትሮፒክ በሚባለው ልዩ ማዘዣ እንደሚሰጥ ጠይቋቸው፤ አይሳሳቱም።

በቅርቡ አንዲት እናት ዳያዜፓም ፈልገው መጡ። የያዙት ተራ ማዘዣ ነበር። ተማሪው «እማማ፣ በዚህ አይቻልም» አላቸው። ልክ ነው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ስንት ዓመት የወሰድኩት ነው፤ ካለቀብኝ ሁለት ቀኔ» ሲሉት ግራ ገባው። አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ ወረቀቱን። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዳያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «አይቻልም» ብሎ መሸኘት ብቻውን በቂ አልነበረም። ክሊኒኩ ጋ ደወልን፤ ሐኪሙ በትክክለኛው ማዘዣ ጻፈላቸው። ለሐኪም ደውሎ «ማዘዣው ልክ አይደለም» ማለትን ግን ልጁን ማንም አላስተማረውም።

የምሥጢር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፈተና ላይ ሁሉም ይመልሰዋል። አንዲት ወጣት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ፖስትፒል የተባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ስትጠይቅ ግን «ፖስትፒል ነው ያልሽው?» ብሎ ወረፋው እስኪሰማ የሚደግም ባለሙያ አይቻለሁ። ልጅቷ ሳትገዛ ወጣች። መድኃኒቱ ደግሞ በቶሎ ካልተወሰደ የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል።

አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥስ የማያውቅ ማን አለ? «እኛ ብንከለክል ቀጥሎ ያለው መድኃኒት ቤት ይሸጥለታል» የሚለው ሐሳብ ነው የሚያሸንፈን። የቀኑን ሽያጭ የሚጠይቅ አለቃ ከጀርባ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ተቀጣሪ ባለሙያ እዚህ ላይ እንዴት ይቁም? ሥነ ምግባር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

ሌላም አለ። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣሉ። ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። እኛ ግን ኮርሱን በእንግሊዝኛ እናጠናለን። ታዲያ ደንበኛው «ለምን?» ሲል የሕጉን ምክንያት በሚገባው አማርኛ ማስረዳት ያቅተናል። ደንበኛውም እንደ ተመናጨቀ ሰው ተቀይሞ ይሄዳል።

ለሙያ ፈቃድ እድሳት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ግዴታ መሆኑን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንገባው ነጥብ ለመሙላት ነው። አሠልጣኙ ስላይድ ያነባል፣ እኛ ሰርተፊኬት ይዘን እንወጣለን።

ጤና ሚኒስቴርንና የሙያ ማኅበራችንን የምጠይቀው ይህን ነው። የብቃት ምዘና ፈተናው የሕግና ሥነ ምግባር ክፍል ከምርጫ ጥያቄ በተጨማሪ ተፈታኙ «ደንበኛ» ፊት ቆሞ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የሚመልሰው ይኑረው። ሲፒዲውም በየፋርማሲው በሚያጋጥሙ እውነተኛ ጉዳዮች ላይ ይቁም፤ የሰውና የድርጅት ስም ሳይጠቀስ። ለሥልጠና የሚሆኑ ገጠመኞችን ጽፈን ለማቅረብ እኔና ባልደረቦቼ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ