በረዶ ለሚመታው ጣሪያ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዳማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው «ቆርቆሮ በረዶ ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ውፍረቱ ላይ ካልተቆጠበ ይችላል። የውፍረቱ መለኪያ የሆነው የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ገዢ ልብ አይልም፤ 35 ጌጅ የሚረክሰው ስስ ስለሆነ ነው። በረዶ ለሚበዛበት ቦታ 28 ይሻላል። ገንዘብ ካጠረ ቀለሙን ትቶ ውፍረቱን መግዛት ነው። ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት፣ ማገሩም፣ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ባይራራቅ ጥሩ ነው።

ቆርቆሮ ስለሰረጎደ ብቻ አያፈስም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በምስማሩ በኩል ነው፤ ምስማሩ በሞገዱ ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ከተመታ፣ ወይም ከኮፍያው ሥር ጎማ ከሌለው ውሃ በቀዳዳው ይገባል። ለብርሃን ተብሎ በመሃል የሚገባው ፕላስቲክማ ከቆርቆሮው ቀድሞ ይሰነጠቃል።

አሸንዳውም አይዘንጋ። በረዶ ሲሞላው መውረጃው ይደፈናል፤ የቀለጠው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። በረዶው እንዳባራ፣ ሳይቀልጥ ይጠረግ።

አክባሪያችሁ፣ ከአዳማ