ፓሪስ ስትደርስ፣ ስለ ፔር ላሼዝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ። ፓሪስ ልትሄድ መሆኑን ብሰማ ብዕሬን አነሣሁ፤ አንድ ቀን ለፔር ላሼዝ መቃብር ተውለት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።

ስሙ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የነፍስ አባት ስም ይሁን እንጂ ቦታው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። በዋናው በር ከገባህ ዳገቱ ያደክምሃል። በ3 ቁጥር ሜትሮ ሄደህ ጋምቤታ ጣቢያ ውረድ፤ በላይኛው በር ገብተህ ቁልቁል ትመጣለህ። 44 ሄክታሩ በ97 ክፍል ስለተከፈለ ቁጥር ያዝ፦ ዘፋኟ ኤዲት ፒያፍ 97፣ ደራሲዎቹ ኦስካር ዋይልድ 89፣ ፕሩስት 85፣ የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን 11 (ልቡ ግን ፖላንድ፣ ዋርሶ ነው ያረፈው)፣ የሮክ ዘፋኙ ጂም ሞሪሰን 6። ሞሪሰን ከሌሎች መቃብሮች ጀርባ ስለተደበቀ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የዋይልድን ድንጋይ የከበበው መስተዋት በ2011 የቆመ ነው፤ አድናቂዎች በቀለም ከንፈር ሲስሙት ቅባቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በታጠበ ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ ይሸረሸራል።

እነዚህ ታላላቆች እዚያ የተከማቹት በአጋጣሚ አይምሰልህ። መቃብሩ በ1804 ሲከፈት ከከተማው ውጭ ነበርና ሰው ሸሸው፤ በዚያ ዓመት የተቀበሩት 13 ብቻ ናቸው። በ1817 የደራሲዎቹ የሞሊየርና የላ ፎንቴን፣ የጥንቶቹ ፍቅረኞች የአቤላርና የኤሎይዝ ነው የተባለ አጽም ተዛወረበትና ገበያው ደራ። «የተባለ» ማለቴ፣ አጽሙ የእነሱ መሆኑ እስከ ዛሬ ስለሚያጠራጥር ነው።

የመቃብር ቦታ በኮንትራት ነው የሚሰጠው፦ ለ10፣ ለ30፣ ለ50 ዓመት፣ ወይም «ለዘለዓለም»። የጊዜ ገደብ ያለው ኮንትራት ባበቃ በ2 ዓመት ውስጥ ካልታደሰ ቦታው ለማዘጋጃ ቤቱ ይመለሳል። ዘለዓለሙም ቢሆን ልክ አለው፤ 30 ዓመት የሞላው፣ ባለፉት 10 ዓመታት ሰው ያልተቀበረበትና የፈራረሰ ከሆነ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፤ ወራሽ መጥቶ ካላደሰው ማዘጋጃ ቤቱ ይረከበዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በየመቃብሩ ታያለህ፣ ቆም ብለህ አንብበው። የሚወጣው አጽም የሚያርፈው ቀራጺው ባርቶሎሜ ከሠራው «ለሙታን» ከተባለው ሐውልት በስተጀርባ ነው፤ እኔ ከዋይልድ ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ።

ጫማህ የማያዳልጥ ይሁን፣ ድንጋይ ንጣፉ ዝናብ ሲነካው ክፉ ነው። በክረምታቸው በኛ ሰዓት 11፡30፣ በበጋቸው 12 ሰዓት ይዘጋል፤ በጠዋት ግባ።

ናፋቂህ