የሩዋንዳ ሴቶችን ልብወለድ በአማርኛ እናንብብ፤ እጃችሁን ዘርጉልን

ወገኖች፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ጥቂት አንባቢዎች ተሰባስበን የሩዋንዳዊቷን ደራሲ የስኮላስቲክ ሙካሶንጋን «የናይል እመቤታችን» የተባለ ልብወለድ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ለማስተርጎም፣ ለማሳተምና በትረካም ለማውጣት ተነስተናል። መጽሐፉ በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ የሬኖዶ ሽልማት አግኝቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በአማርኛ ግን ፈልገን አላገኘነውም።

የ1994ቱን የሩዋንዳ እልቂት አስበው፣ «የራሳችን ሐዘን መች አነሰንና የሰው አገር ሐዘን?» ያሉን አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ስሙኝማ።

በኅዳር 1992 ሊዮን ሙጌሴራ የሚባል የሩዋንዳ ገዢ ፓርቲ ሰው ካባያ በተባለ ቦታ ሕዝብ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። በአገሪቱ በቁጥር አናሳ የሆኑትን ቱትሲዎች አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል ቶሎ እንድትደርሱ እናደርጋችኋለን ብሎ ዛተ። ቱትሲዎች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ መጤዎች ናቸው የሚለውን ተረት የዘሩት ቅኝ ገዢዎቹ ነበሩ። ከሚያዝያ 1994 ጀምሮ በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ቱትሲ፣ ሲታረድ፣ ያ ወንዝ ሬሳ ይዞ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወረደ። የአገራችን ስም የግድያ መቀስቀሻ ሆኖ ነበር። እኛ ደግሞ ስለዚያ እልቂት በቋንቋችን የምናነበው ነገር ይሄን ያህል ጥቂት ነው፣ በተለይ በሴቶች የተጻፈ።

ልብወለዱ እልቂቱን አይተርክም። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ተራራ ላይ ባለ፣ ሴት መነኮሳት በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ታሪኩ። የትልልቅ ሰዎች ሴት ልጆች የሚማሩበት ነው፤ ለቱትሲ ልጆች የተፈቀደው ቦታ ከመቶ አስር ብቻ። ግሎሪዮሳ የምትባል የባለሥልጣን ልጅ፣ በናይል ምንጭ አጠገብ የቆመው የማርያም ሐውልት አፍንጫ የቱትሲ አፍንጫ ነው ትላለች። ሰብራ የሁቱ፣ የብዙኃኑን ወገን፣ አፍንጫ ልትለጥፍለት ጓደኛዋን አስከትላ ትወጣለች። መሽቶባቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ፣ ከሽፍቶች ጥቃት ያመለጡ አስመስላ ትዋሻለች። ያቺ ውሸት ትገንናለች፣ ወታደር ታስጠራለች፣ ውላ አድራ ዱላ የያዙ ወጣቶች ግቢውን ሞልተው አብረዋት የበሉትን፣ አብረዋት የተኙትን ልጆች ያሳድዳሉ።

ይሄ ነው እኔን የያዘኝ። ሴቶች እዚህ ውስጥ ተበዳይ ብቻ አይደሉም፤ እሳቱን የምትለኩስም አለች፣ አይታ ዝም የምትልም አለች። በእውነቱም እንደዚያ ነው የሆነው። በእልቂቱ ጊዜ የሴቶችና የቤተሰብ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችው ፖሊን ኒራማሱሁኮ በ2011 በአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋትና በአስገድዶ መድፈር ጥፋተኛ ተብላለች። ደራሲዋ ራሷ በ1973 ከትምህርት ገበታዋ ተባርራ ወደ ቡሩንዲ የሸሸች ናት፤ በ1994 ደግሞ እናቷን ጨምሮ ብዙ ዘመዶቿ አልቀዋል።

ይሄኛው ከተሳካ ዓይናችን ከእልቂቱ ማግስት ወደተጻፉት ይሄዳል። የቡርኪና ፋሶዋ ሞኒክ ኢልቡዶ «ሙሬካቴቴ» ላይ ከእልቂቱ የተረፈችን ሴት ከሞት ካወጣት ወታደር ጋር ታጋባለች፤ ትዳሩም ከእልቂቱ መታሰቢያ ቦታ ከተመለሱ በኋላ ሲፈርስ ታሳያለች። የአሩሻው ፍርድ ቤት በ1998 አካዬሱ በተባለ የሩዋንዳ ከንቲባ መዝገብ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርዷል፣ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ቤቷ ገብታ እንዴት እንደምትኖር ግን መዝገቡ ላይ የለም። ልብወለዶቹ የሚነግሩን ያንን ነው። በጦርነት የተጎዱ ስንት እህቶቻችን ባሉበት አገር ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሁሉ በፊት የትርጉም መብት ይገዛል። ሳያስፈቅዱ ተርጉሞ መሸጥ እኛ ጋ ተለምዷል፤ ቤተሰቧን ተነጥቃ የጻፈችን ሴት መልሶ መዝረፍ ግን ነውር ነው፣ ስለዚህ አሳታሚውን ስናነጋግር ብር በእጃችን መኖር አለበት። ፈቃዱ ካልተገኘ ያዋጣችሁት ይመለስላችኋል። ቀጥሎ የተርጓሚና የአርታኢ ክፍያ ነው፣ በነጻ አናሠራም። ከዚያ ኅትመቱ፤ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ለሴቶች መጠለያዎች በነጻ የሚሄድ ኮፒ ይኖራል። በንባብ ውይይቶቹ ላይ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲገኝም እንፈልጋለን፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የማንን ቁስል እንደሚነካ አይታወቅም። ትረካው ላይ ደግሞ አንደራደርም። ዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን መጽሐፍ ይዘው የሚቀመጡበት ሰዓት የላቸውም፣ ጆሯቸው ላይ ስልክ ሰክተው እየሠሩ ግን ይሰማሉ።

100 ብርም ይሁን ከዚያ በላይ፣ የቻላችሁትን። ውጭ ያላችሁ፣ ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም፣ በየማኅበራችሁና በየዕቁባችሁ አንሱልን። የገባውና የወጣው በየወሩ ከነደረሰኙ እዚሁ ይለጠፋል። ብር የሌለው ሰው ፈረንሳይኛ ካለው ረቂቅ ያንብብልን፤ ኪንያርዋንዳ የምትችሉ ካላችሁማ የቦታና የሰው ስሞቹን አነባበብ እንድታርሙልን በጣም እንፈልጋችኋለን። የሒሳብ ቁጥሩን ለማግኘት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እንልክላችኋለን።